ሦስት ቤተሰብ፣ 14 ሰው፣ አንድ ችቦ፦ በኒውዮርክ ስቴት ፎረስት በነጻ ማደር

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሮቸስተር ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ስቴት ፎረስት በሚባሉት ጫካዎች ያለ ክፍያ፣ ያለ ፈቃድ፣ ደስ ያለን ቦታ ድንኳን ተክለን ማደር እንደምንችል አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነገረችኝ። ሦስት ቤተሰብ ነን፤ ልጆቹን ጨምሮ 14 እንሆናለን። የእንቁጣጣሽን ዋዜማ ኢታካ አካባቢ ካሉት ጫካዎች በአንዱ ለማሳለፍ፣ ማታ ችቦ ለማብራት፣ ጠዋት ቡና ለማፍላት አስበናል። የምናድረው ሁለት ሌሊት ነው። ማገዶ ከቤት ይዘን እንሄዳለን። በእርግጥ በነጻ ነው? ድብ አለ የሚሉትስ? በግ እዚያው ማረድ ይቻላል?»

ባልደረባዎ ከነገረችዎ ሦስት ነገር ትክክሉ አንዱ ብቻ ነው። ክፍያ የለም፤ ይህ እውነት ነው። «ያለ ፈቃድ» ያለችው እስከ ዘጠኝ ሰው ድረስ ይሠራል፣ ለ14 ሰው ግን አይሠራም። «ደስ ያለን ቦታ» ያለችው ደግሞ ለአንድ ሰውም አይሠራም። ወደ ችቦው፣ ወደ ማገዶውና ወደ በጉ በየተራ እመጣለሁ፤ ሦስቱም እንዳሰባችሁት አይሄዱም።

መጀመሪያ የቦታውን ስም እናጥራ። በአስጎብኚነት ስሠራ የሚገጥመኝ አብዛኛው ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ስቴት ፓርክና ስቴት ፎረስት አንድ አይደሉም። ስቴት ፓርኮቹ፣ ለምሳሌ ኢታካ አጠገብ ያሉት በተርሚልክ ፎልስ፣ ሮበርት ትሪማንና ታውጋኖክ ፎልስ፣ የራሳቸው የፓርኮች መሥሪያ ቤት አላቸው። የድንኳን ቦታው ቁጥር አለው፣ አስቀድሞ ይያዛል፣ ይከፈልበታል፣ መጸዳጃና መታጠቢያ አለው፤ ከተሰጣችሁ ቦታ ውጭ ማደር አይቻልም። ስቴት ፎረስትን የሚያስተዳድረው ግን የክፍለ ግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ሰው ሁሉ ዲኢሲ የሚለው ነው። በር የለውም፣ ቲኬት ቆራጭም የለውም። ችግሩ፣ ዲኢሲ «ዋይልድላይፍ ማኔጅመንት ኤሪያ» የሚላቸው ሌሎች መሬቶችም አሉት፤ እነዚህ ለዱር እንስሳትና ለአደን የተያዙ ስለሆኑ በአጠቃላይ አይታደርባቸውም፤ ታፔላቸው ግን ከመኪና ላይ ሆነው ሲያዩት ከስቴት ፎረስቱ ብዙም አይለይም። ሴኔካና ካዩጋ ሐይቆች መሃል ያለው ፊንገር ሌክስ ናሽናል ፎረስት ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ነው፣ ደንቡም ሌላ ነው። ስለዚህ ስልክዎ ላይ የጫካውን ስም ሲፈልጉ የመጨረሻዎቹን ቃላት አይዝለሏቸው።

በስቴት ፎረስት እንዲህ ማደር «ፕሪሚቲቭ ካምፒንግ» ይባላል፤ «ፕሪሚቲቭ» የሚለው ቃልም ብዙ ሰው ያሳስታል። የሰሜን ተራሮችን ያየ ሰው ሳንቃ በርን ወይም ግጭን ያስባል፦ ክፍያ አለ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት አብሮ ይሄዳል፣ የሚታደርበት ሜዳ የታወቀ ነው፣ ከፈለጉ ምግብ አብሳይ ይቀጠራል። እዚህ ተቃራኒው ነው። ውሃ የለም፣ መብራት የለም፣ ቆሻሻ የሚወስድ የለም፣ ብዙ ቦታ ስልክ አይሠራም፣ ማታ መጥቶ ደህና መሆናችሁን የሚጠይቅ ጠባቂ የለም። ሬንጀሮች አሉ፤ ግን አንድ ሬንጀር ሰፊ አገር ነው የሚሸፍነው። ሲመጣም እንደ ጥበቃ አድርገው አይዩት፤ የኒውዮርክ የደን ሬንጀር የፖሊስ ሥልጣን ያለው ሰው ነው፣ ይቀጣል።

ለምን በነጻ ሆነ ለሚለው መልሱ የመሬቱ ታሪክ ውስጥ ነው፤ ታሪኩን ማወቅ ደግሞ የት እንደምትተክሉ ለመምረጥም ይጠቅማችኋል። ዛሬ ስቴት ፎረስት የሚባለው ወደ 800,000 ኤከር የሚጠጋ መሬት አብዛኛው ድሮ የገበሬ ማሳ ነበር። የደቡቡ የኒውዮርክ ኮረብታ አፈሩ ስስ፣ ክረምቱ ረጅም ነው። ገበሬው እያረሰ ከሰረ፣ ትቶት ሄደ። ክፍለ ግዛቱ በ1929 ደን መልሶ ለማልማት ሕግ አወጣ፣ የተተዉትን እርሻዎች እየገዛ አንድ ላይ ሰበሰበ፤ ከ1933 ጀምሮ ደግሞ በኢኮኖሚው ድቀት ሥራ ያጡ ወጣቶች ሲሲሲ በሚባለው የፌዴራል ፕሮግራም ታቅፈው ጥድ ተከሉበት። ዛሬ ዳንቢ፣ ሺንዳጊን ሆሎው ወይም ሃመንድ ሂል ስቴት ፎረስት ሲገቡ እንደ ወታደር በሰልፍ የቆሙ ጥዶች የሚያዩት ለዚህ ነው። ጫካው መሃል የድንጋይ ካብ ያገኛሉ፣ የቤት መሠረት ያገኛሉ፣ ሣር የዋጠው የጓሮ ፖም ዛፍ ያገኛሉ። ለልጆች ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን ቤት በነበረበት የውሃ ጉድጓድም ነበር። አብዛኛው ተደፍኗል ወይም ተከድኗል፣ ሁሉም ግን አይደለም። የቤት መሠረት ካያችሁ ልጆቹን እዚያ አታሯሩጧቸው፣ ድንኳንም አጠገቡ አትትከሉ። ከፖሙ ዛፍም ራቁ፤ ሴፕቴምበር ላይ ፖሙ ሲረግፍ ድቡም አጋዘኑም ማታ የሚመጣው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ደንቡ። ድንኳን የሚተከለው ከማንኛውም መንገድ፣ ከእግረኛ መሄጃና ከውሃ፣ ማለትም ከወንዝ፣ ከምንጭ፣ ከኩሬ፣ ቢያንስ 150 ጫማ ርቆ ነው። ይህ 46 ሜትር ያህል ነው፤ በአዋቂ ሰው እርምጃ ስድሳ ይቁጠሩ። ከዚህ የሚያንስ ርቀት የሚፈቀደው ዲኢሲ ራሱ መርጦ ዛፍ ላይ «ካምፕ ሂር» የሚል፣ የድንኳን ሥዕል ያለበት ቢጫ ክብ ምልክት በመታበት ቦታ ብቻ ነው። እነዚህ ቦታዎች አይያዙም፤ ቀድሞ የደረሰ ያድርበታል። ይህ ደንብ የማያስታውሱት አንድ ነገርም ይከለክላል፦ ጫካው አፍ ላይ ባለው መኪና ማቆሚያ፣ መኪና ውስጥ ወንበር ዘርግቶ ማደርን። ማቆሚያው መንገድ ዳር ስለሆነ ከ150 ጫማው ውስጥ ይወድቃል። «ልጆቹ ድንኳኑን ከፈሩ መኪናው አለ» የሚለው የብዙ ወላጅ ዕቅድ ሕጉ ፊት አይቆምም።

ፊንገር ሌክስ ትሬይል የሚባለው ረጅም የእግር መንገድ ከላይ በጠራኋቸው ሦስት ጫካዎች ውስጥ ያልፋል፤ ነጭ ቀለም ዛፍ ላይ ተቀብቶ ያዩታል። መንገዱ ግን ከጫካው ወጥቶ በሰው መሬት ላይም ይሄዳል። የግል መሬት ላይ ባለቤቱ እንዲታለፍ ፈቀደ ማለት እንዲታደር ፈቀደ ማለት አይደለም። ነጩን ቀለም እየተከተላችሁ ሳታውቁት የስቴቱን ወሰን ተሻግራችሁ እንዳትተክሉ፣ የጫካውን ካርታ ከዲኢሲ ገጽ ቤት ሳላችሁ አውርዱ። እዚያ ስትደርሱ ኔትወርክ አታገኙም።

የእናንተን ጉዞ የሚወስነው ግን ቁጥራችሁ ነው። ፈቃድ የሚያስፈልገው በሁለት ምክንያት ነው፦ አንድ ቦታ ከሦስት ሌሊት በላይ ሲታደር፣ ወይም ቡድኑ አሥርና ከዚያ በላይ ሲሆን። ሁለት ሌሊት ነው ያላችሁት፣ በዚያ በኩል ችግር የለም። 14 መሆናችሁ ግን ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ሕፃንም ይቆጠራል። ፈቃዱም በነጻ ነው፤ የሚሰጠው የዚያን ጫካ አካባቢ የሚይዘው ሬንጀር ነው፣ ጠያቂው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ሬንጀሩ ቦታውን ያውቀዋል፤ ስንት ድንኳን እንደሚችል፣ በዚያ ሳምንት ሌላ ቡድን መኖር አለመኖሩን ያያል፣ «እዚያ አይሆንም፣ እዚህ ግቡ» ሊላችሁም ይችላል። ስለዚህ ከሳምንታት በፊት ነው የሚደወለው፤ ዐርብ ጠዋት ደውሎ ዐርብ ማታ ማደር አይሆንም።

አንዳንዱ ሰው «ሰባት ሰባት ሆነን ሁለት ቡድን ነን እንላለን» ይላል። አውቀዋለሁ፣ ሲደረግም አይቻለሁ። አንድ ድስት፣ አንድ እሳት፣ ከአንዱ ድንኳን ወደ ሌላው የሚሯሯጡ ልጆች ካሉ ሬንጀሩ የሚያየው አንድ ቡድን ነው። ከቅጣቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፦ 14 ሰው ሁለት ሌሊት የረገጠው መሬት ሣሩ ይሞታል፣ አፈሩ እንደ አውድማ ይደድራል፤ ምልክት የተመታባቸው ቦታዎች የተሠሩት ለትንሽ ቡድን ነው።

እሳቱ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። በስቴቱ መሬት ላይ እሳት የሚነደደው ለምግብ ማብሰያ፣ ለመሞቂያ ወይም ለትንኝ ማባረሪያ ጭስ ብቻ ነው፤ ደንቡ የሚለው ይህንኑ ነው። ችቦ ከሦስቱ አንዱም አይደለም። እንኳን ችቦውን አቀጣጥሎ «እዮሃ አበባዬ» እያሉ በድንኳኑ ዙሪያ መዞር ይቅርና፣ ከምድጃው ወጥቶ የሚንቀሳቀስ እሳት በሙሉ ከተፈቀደው ውጭ ነው። የደስታ እሳት ብላችሁ ከፍ አድርጋችሁ ብትከምሩትም አይሆንም፤ በኒውዮርክ የካምፕ እሳት ቁመቱ ከ3 ጫማ፣ ስፋቱ ከ4 ጫማ በታች መሆን አለበት። ሴፕቴምበር ላይ የወደቀው ቅጠል ገና ብዙ አይደለም፣ ግን ዝናብ ካጠረ ጫካው እንደ ገለባ ነው። በኖቬምበር 2024 ከረጅም ድርቅ በኋላ በኒውዮርክና በኒውጀርሲ ድንበር ላይ የተነሳው የጄኒንግስ ክሪክ ቃጠሎ ወደ 5,000 ኤከር በልቷል፤ እሳቱን ሲያጠፋ የነበረ የ18 ዓመት የፓርክ ሠራተኛ ሞቶበታል፤ በመላው ክፍለ ግዛትም የእሳት እገዳ ታውጆ ነበር። ዲኢሲ የየዕለቱን የእሳት አደጋ ደረጃ በካርታ ያወጣል። ከመውጣታችሁ በፊት ጠዋት ተመልከቱት፤ አደጋው ከፍ ካለ ጭራሽ አታንድዱ።

ማገዶ ከሮቸስተር ይዛችሁ እንዳትሄዱ። በሙቀት ያልታከመ ማገዶ ከተቆረጠበት ከ50 ማይል በላይ ማጓጓዝ በኒውዮርክ ሕግ ክልክል ነው፤ ከሮቸስተር ኢታካ ደግሞ ከዚያ ይርቃል። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፣ «እንጨት ኮንትሮባንድ ሆነ እንዴ?» ይላል። ምክንያቱ አንዲት አረንጓዴ የምታብረቀርቅ ጥንዚዛ ናት፤ ኤመራልድ አሽ ቦረር ትባላለች። ከእስያ መጥታ በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ተገኘች፣ በ2009 ኒውዮርክ ገባች፤ ትሏ ከቅርፊቱ ሥር እየቦረቦረ አሽ የሚባለውን ዛፍ በጥቂት ዓመት ያደርቀዋል። በራሷ ክንፍ ብዙ አትርቅም፤ የምትሄደው በሰው መኪና፣ ማገዶ ውስጥ ሆና ነው። ከፈለጋችሁ እዚያው አካባቢ ካለ ሱቅ፣ መሸጫው ላይ በምድጃ የደረቀ መሆኑ የተጻፈበትን ግዙ፤ የሚታከመው በ160 ዲግሪ ፋራናይት ለ75 ደቂቃ ነው። አለዚያ ጫካው ውስጥ ደርቆ መሬት ላይ የወደቀውን ልቀሙ። ቆሞ ያለውን፣ ደርቆም ቢሆን፣ መቁረጥ አይፈቀድም። ስለዚህ መጥረቢያ አትያዙ፤ በእጅ የሚሰበር እንጨት ይበቃችኋል።

የዚያች ጥንዚዛ ነገር በዚህ አያበቃም። የደረቁት አሾች አሁንም ቆመዋል፤ አሽ ከሞተ በኋላ ቶሎ ይሰባበራል፣ ያለ ንፋስም ቅርንጫፍ ይጥላል። ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት መሬቱን ሳይሆን ሰማዩን እዩ። ቅጠል የሌለው፣ ቅርፊቱ እየተላጠ ነጣ ያለ ዛፍ ካለ፣ ቁመቱን ገምቱና ከዚያ በላይ ራቁ። እኔ ለጥ ያለ ደረቅ መሬት አግኝቼ፣ ቀና ብዬ አይቼ የተውኩት ቦታ ብዙ ነው።

የቡናው ነገር ላይ ከሰል ይዛችሁ እንደምትሄዱ ገምቻለሁ። የከሰሉን ማንደጃ ቤት ተዉት። ከሰል ቡናው ሦስተኛ ላይ ደርሶ ሁሉም ከተነሳ በኋላም ለሰዓታት ይቆያል፤ አመዱን ቅጠል ላይ ደፍቶ መሄድ የእሳት መነሻ ነው። ከዚህ የከፋው ማታ ነው። ኢታካ አካባቢ ባሉት ኮረብታዎች ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ሕፃን ሲያለቅስ አንድ ሰው «ፍሙን ትንሽ ወደ ውስጥ እናስጠጋው» ይላል። አገር ቤት ከሰል አጢሰው ተኝተው ያልተነሡ ሰዎችን ታሪክ የማያውቅ ማን አለ? ድንኳን ከቤት ይብሳል እንጂ አይሻልም፤ ጨርቅ ስለሆነ አየር ያስገባል ብላችሁ አትሞኙ፣ ጤዛ ሲያርሰው ይደፈናል። ፍም፣ የጋዝ ምድጃ፣ ማንኛውም የሚነድ ነገር ድንኳን ውስጥም በሩ ላይም አይገባም፣ ለአንድ ደቂቃም። ለቡናው ትንሽ የካምፕ ጋዝ ምድጃ በቂ ነው፤ ጀበናው እንዳይሰነጠቅ ከሥሩ የብረት ሳህን ጣል አድርጉ፣ እሳቱን ቀንሱ። ለብርዱ ደግሞ መፍትሔው ከሥር ነው፤ ብርድ ልብስ ከላይ ከመደራረብ ከሥር የሚነጠፍ ወፍራም የካምፕ ፍራሽ ይሻላል፣ ምክንያቱም ሙቀታችሁን የሚወስደው መሬቱ ነው።

የካምፕ እሳት ካነደዳችሁ አጠፋፉን ለልጆቹም አሳዩዋቸው። ውሃ ይፈስበታል፣ በእንጨት ይማሰላል፣ እንደገና ውሃ ይፈስበታል፤ ከዚያ የእጅ ጀርባ ወደ አመዱ ይጠጋል። ሙቀት ከተሰማችሁ አልጠፋም። አፈር አልብሶ መሄድ ማጥፋት አይደለም፣ ማዳፈን ነው፤ እናቶቻችን እሳት አዳፍነው የሚያድሩት ጠዋት እንዲያገኙት አልነበር?

በጉን በተመለከተ አጭር መልስ እሰጣለሁ፦ አይሆንም። ደሙ፣ ፈርሱና ቆዳው የሚሄድበት ቦታ የለም፤ ቀብራችሁት ብትሄዱ ማታውኑ ይቆፈራል። ሥጋ ቤት ተቆርጦ፣ በረዶ በሞላው ሳጥን ይምጣ። ጥሬ ሥጋ ግን ለመጀመሪያው ቀን ምሳ እንኳን አልመክርም፤ ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው።

ድብ አለ። በኒውዮርክ ያለው ጥቁር ድብ ነው፤ ሰው ለመብላት አይመጣም፣ የሚመጣው ለምግብ ሽታ ነው። የእኛ ምግብ ደግሞ ይሸታል። አንድ ጊዜ ዳንቢ ውስጥ ከአንድ ቤተሰብ ጋር አድሬ፣ የዶሮ ወጡ ድስት ክዳኑ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት ከድንኳኑ አሥር እርምጃ ላይ ተቀመጠ። ነግሬያቸው ነበር። ጠዋት ድንጋዩ ጎን ላይ፣ ክዳኑ ቁልቁል ነው፤ ድስቱ እንደታጠበ ያብረቀርቃል፣ ከእንቁላሉ አንድም የለም። ጭቃው ላይ የነበረው ዱካ የሕፃን እጅ የሚመስል የራኩን ዱካ ነበር፤ ድብ ባለመሆኑ ዕድለኞች ነን። ምግብ፣ ቆሻሻ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅባት፣ ማንኛውም ሽታ ያለው ነገር አንድ ከረጢት ውስጥ ገብቶ በገመድ ይሰቀላል፤ ከመሬት ቢያንስ 15 ጫማ፣ ከግንዱ ቢያንስ 10 ጫማ ርቆ። ያን የሚችል ቅርንጫፍ ማግኘትና ገመዱን መወርወር በጨለማ አይሆንም። ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ገደማ ነው፤ ከዛፍ ሥር ከዚያ በፊት ይጨልማል። መኪናችሁ ቅርብ ከሆነ መስኮቱ ተዘግቶ ምግቡ እዚያ ቢያድር ይሻላል። የምታበስሉትም ከምትተኙበት ራቅ ብላችሁ ይሁን፤ ቅቤ የነካው ልብስ ለብሳችሁም አትተኙ።

ውሃ ከቤት ጫኑ፤ ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ያህል፣ 14 ሰው ከሆናችሁ ብዙ ነው። ቢጎድልባችሁ የወንዙ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም ጃርዲያ አለበት ብላችሁ ተነሡ፤ ጃርዲያን ለእኛ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። እየተንፈቀፈቀ አንድ ደቂቃ ይፍላ። አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ሦስት ደቂቃ ነበር፣ ከፍታው ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት ዝቅ ስለሚያደርገው። መጸዳጃ ከሌለ በትንሽ አካፋ ከ6 እስከ 8 ኢንች ጥልቀት ይቆፈራል፣ ይቀበራል፤ ከውሃ፣ ከመንገድና ከድንኳን ቢያንስ 150 ጫማ ርቆ። የሕፃን ዳይፐር ግን አይቀበርም፣ አይቃጠልም፤ ወደ ቤት ይመለሳል።

ብዙ ሰው ድብን ፈርቶ መዥገርን ይረሳል፤ እኔ የምፈራው ሁለተኛውን ነው። የአጋዘን መዥገር ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል፣ አንዳንዷ ከሰሊጥ ፍሬ አትበልጥም። ሱሪ ካልሲ ውስጥ ይግባ፣ ልብሱ ቀደም ብሎ ፐርሜትሪን የሚባለው የመዥገር መድኃኒት ይረጭ። ማታና ጠዋት ልጆቹን ከጉልበት ጀርባ፣ ከብብት፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ከፀጉር ሥር ፈትሹ፤ ሹሩባ ካላቸው ፀጉሩ የተከፈለበትን መስመር በጣት ዳስሱ። ብታገኙ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ቅቤ መቀባት፣ በክብሪት ማቃጠል አይረዳም። በአንድ ቀን ውስጥ ከወጣች በሽታውን የማስተላለፍ ዕድሏ በጣም ያንሳል። በቀጣዮቹ ሳምንታት ቆዳ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ወይም ትኩሳት ከታየ ሐኪም ዘንድ ነው።

አደንን ጠይቃችሁ አልነበረም፣ ግን ስቴት ፎረስት አደን የሚፈቀድበት ቦታ ነው። ኢታካ አካባቢ ዋናው የአጋዘን አደን በቀስት ኦክቶበር 1፣ በጠመንጃ ደግሞ በኖቬምበር ሦስተኛው ቅዳሜ ይጀምራል። ሴፕቴምበር ላይ ጸጥ ያለ ነው፤ ቢሆንም ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ለልጆቹ አልብሱ፣ ዋጋው ጥቂት ነው፣ ቢጠፉም ቶሎ ይታያሉ። ደግሞ ዳንቢን ወዳችሁ በሚቀጥለው ዓመት በሰሜን ኒውዮርክ ወዳለው የአዲሮንዳክ ተራራ እንሂድ ካላችሁ ደንቡ ጠበቅ ይላል፦ ከ4,000 ጫማ ከፍታ በላይ በአጠቃላይ አይታደርም፣ ሃይ ፒክስ በሚባሉት ከፍተኛ ተራሮች ምሥራቃዊ ክፍል ደግሞ እሳት ክልክል ነው፣ ከኤፕሪል 1 እስከ ኖቬምበር 30 ድረስም ምግብ ድብ በማይከፍተው ጣሳ መያዝ ግዴታ ነው።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው፣ አላለሳልሰውም። የዋዜማውን ምሽት ጫካ አታድርጉት። ችቦው የቤት ነው፤ ከተማችሁ የጓሮ እሳት የሚፈቅድ ከሆነ ከሦስቱ ቤተሰብ ግቢ ያለው ሰው ዘንድ፣ የውሃ ቧንቧ አጠገብ ሆናችሁ አብሩት፣ 14ታችሁም እዚያ ሁኑ። ጫካውን ለቀጣዩ ቅዳሜ አቆዩት፤ አንድ ሌሊት ብቻ፣ ከዘጠኝ ያልበለጠ ሰው። ከየቤቱ አንድ አዋቂና ትልልቆቹ ልጆች ይሂዱ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ይቅሩ። ምልክት ያለበት፣ ከመኪናው በእግር ከአሥር አሥራ አምስት ደቂቃ የማይርቅ ቦታ ምረጡ፤ ቀድሞ የደረሰ የሚይዘው ስለሆነ ሁለተኛ ምርጫም ይኑራችሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት ግቡ። ምግቡ እንጀራና ሽሮ ይሁን፣ በጋዝ ምድጃ፤ እሳት የሌለበት ዕቅድ አውጡ፣ ከተፈቀደ እንደ ትርፍ ቁጠሩት። 14ታችሁም አንድ ላይ ካላደርን ካላችሁ ሁለት መንገድ አለ፦ ከአሁኑ ሬንጀሩን ጠይቃችሁ ፈቃዱን በእጅ መያዝ፣ ወይም ከፍላችሁ ትሪማን ወይም ታውጋኖክ ስቴት ፓርክ ጎን ለጎን ቦታዎችን መያዝ። ከሕፃናት ጋር ከሆነ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ከመነሣታችሁ በፊት ለቀረው ሰው በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ፦ የጫካው ስም፣ መኪናው የሚቆምበት መንገድ፣ የሰው ብዛት፣ እሑድ በስንት ሰዓት እንደምትደውሉ። በዚያ ሰዓት ካልደወላችሁ 911 እንዲደውል ንገሩት፤ «ምናልባት ስልኩ ዘግቶባቸው ይሆናል» ብሎ እስከ ሰኞ እንዳይጠብቅ።